እትዬ ሐመልማል ያለበሱት ድምፅ

እትዬ ሐመልማል ዕቃ ራቁቱን ሲቀመጥ አይወዱም። ጎባ፣ ቤታቸው የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህንኑ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል፣ ሬዲዮው ለብሷል፣ የሶፋው መደገፊያ ሳይቀር እጅጌ አለው። የጎባ ብርድ ነው እንዳልል ፍሪጅን ምን ይበርደዋል? ነገሩ የእጃቸው ነው። መርፌና ክር ካልያዙ እጃቸው የሚያሳክካቸው ይመስለኛል።

ጎባ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ ከሰሜን ከመጡ ወላጆች እዚያው ተወልደው ያደጉ ናቸው። ሹራብ መሥራት ከእናታቸው ተማሩ፤ ኋላ መተዳደሪያቸው ሆነ። ከጎባ ሕፃን፣ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም፣ ብዙው የመጀመሪያ ኮፍያውን ያገኘው ከእሳቸው ነው። የእኔም ልጅ ሳቢሪን የእሳቸውን ኮፍያ አድርጋለች። ጆሮዋ ስለተሸፈነ ስታለቅስ «ተዋት፣ ስታድግ ታመሰግነኛለች» ብለውኝ ነበር። እስካሁን አላመሰገነችም፤ ኮፍያው ግን ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

እኔ ጀሊል እባላለሁ። ከጎባ አጠገብ ባለችው ሮቤ ላፕቶፕ፣ ፕሪንተርና የመሳሰለውን እጠግናለሁ። ለዕቃ ትዕግሥት አለኝ፤ ለሰው የለኝም። ይህን ደንበኞቼም ያውቃሉ፣ ሚስቴማ አትጠየቅ።

የእትዬ ሐመልማል ባለቤት ቲቸር በየነ ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ገና ወጣት መምህር ሳሉ ገሰራ ሲመደቡ፣ አዲሷ ሙሽራ ጠመኔ ለመያዝ እንዲመቻቸው ጣቱ የተቆረጠ የሱፍ ጓንት ሠርተው አለበሷቸው። ይህን የነገሩን ራሳቸው ቲቸር ናቸው፣ ስለ አየር ጠባይ ሲያስተምሩን። «ደጋ ማለት» አሉ፣ «ያለ ሚስት የማይኖርበት አገር ነው። ጻፉ።» ሞኙ እኔ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ።

ቲቸር ከድምፃቸው ውጪ ምንም ሀብት አልነበራቸውም። ወፍራም፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው፤ እሳቸው ሲናገሩ የኋላ ወንበር ላይ የተኛ እንኳ በሕልሙ ይሰማቸዋል። ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች ብለው ትምህርቱን ከዳር እስከ ዳር በድምፃቸው ቀድተውት ነበር። ጡረታ ሲወጡ ያ ሁሉ ቅጂ መዳፍ በምታህል ጥቁር ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ተጠቃሎ እቤታቸው ገባ።

ባለፈው ክረምት ቲቸር ለለቅሶ ሪራ ሄዱ። በብርዳሙ የሳነቴ አምባ በኩል ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው፣ ምላሳቸውም ታሰረ። ሐኪሞቹ የደም ግፊት ነው አሉ። እትዬ ሐመልማል ሐኪሞቹን በአክብሮት አዳመጡ፤ መድኃኒቱንም አንድ ቀን ሳያዛንፉ ይሰጣሉ። በልባቸው ግን ሌላ ነው የያዙት። «ብርድ ነው የመታው» ይላሉ። ሳነቴ ላይ ነፋሱ እንዴት እንደሚያፏጭ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይፈርድባቸውም።

እግር እጃቸውን የምታሠራቸው ባለሙያ ሌላም ምክር ሰጠች፤ በደንብ የሚያውቁትን ድምፅ እየተከተሉ ቢናገሩ ምላስ ሊፈታ ይችላል አለች። ከራስ ድምፅ በላይ የሚታወቅ የለም። እትዬ ሐመልማል ዲስኳን ከቁም ሣጥን አወጡ። ከዚያ ወዲህ ቲቸር በየነ ከምሳ በኋላ ላፕቶፑ ፊት ይቀመጣሉ፤ ዲስኩን በግራ እጃቸው ራሳቸው ይሰካሉ፤ የዱሮው በየነ ይናገራል፣ የአሁኑ በየነ ከኋላው እየተንገዳገደ ይከተላል። መጀመሪያ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ቃል መጣ። «ተራራ»፣ «ወንዝ»፣ «ዝናብ»። እትዬ ሐመልማል አንድ ቃል በወጣ ቁጥር እልል እንዳይሉ አፋቸውን በነጠላቸው ይይዛሉ።

በዚህ መሃል ለልጃቸው ለሀይሚ ሽማግሌ መጣ። ልጁ ቶላ ይባላል፣ የገሰራ ልጅ ነው፤ ሀይሚም ትወደዋለች፣ ቤቱም ይወደዋል። ችግሩ ሌላ ነው። ሽማግሌ ቆሞ ይጠይቃል፤ የልጅቷ አባት «ሰጥቻለሁ» ካላለ አይቀመጥም። በመጀመሪያው ቀን «ዘመድ እንጠይቅ» ተብሎ መመለስ ወግ ነው፤ የሚቀየም የለም። በሁለተኛው «ቲቸር ትንሽ ይሻላቸው» ተባለና ተመለሱ። በዚህ ጊዜ ገሰራ ላይ ወሬ ተነሣ። ሕመሙ ማመካኛ ነው፣ የመምህር ልጅ ለገበሬ ልጅ አንሰጥም ማለታቸው ነው ተባለ። ሦስተኛ ከተመለሱ አይመጡም። ይህን ሀይሚም ታውቃለች፣ ስለዚህ ከስታለች።

የቲቸር ወንድም ገዛኸኝ «እኔ ልናገርልህ፣ ምን ችግር አለው» አሉ። በእርግጥም ምንም ችግር አልነበረውም። ቲቸር ግን ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ፤ ደግመውም መቱ። ልጃቸውን በገዛ አፋቸው ነው የሚሰጡት። ቀጠሮው ለዳግማይ ትንሣኤ ሆነ።

ዲስኩ መጥፋት የጀመረው ጾሙ ሲጋመስ ነው።

እትዬ ሐመልማል በሚኒባስ ሮቤ መጡ። ሱቄ ገብተው ከዘንቢላቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ጠረጴዛው ላይ ዕንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው አስቀመጡት።

«ጀሊሎ፣ ድምፁ እየጠፋ ነው።»

«የቲቸር?»

«የዲስኩ። ደህና ሲናገር ይቆይና ድንገት ጸጥ። ላፕቶፑም አላውቀውም ይላል።»

ሰካሁት። ተከፈተ። የቲቸር ድምፅ ስለ ዋቤ ሸበሌ ተፋሰስ መናገር ሲጀምር ሳላስበው ከወንበሬ ብድግ አልኩ። እትዬ ሐመልማል አይተው ፈገግ አሉ። ዲስኩ እየተናገረ፣ እኔ የሌላ ሰው ፕሪንተር እየፈታሁ ከሰዓቱ አለፈ፤ አንዴም አልጠፋም። ኬብሉ ትንሽ ላልቶ ስለነበር ቀየርኩትና መርቀውኝ ሄዱ።

በሳምንቱ ተመለሱ። በዚህ ጊዜ ላፕቶፑንም አምጥተዋል። ላፕቶፕ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ የተሰካበትን ዕቃ መብራት የሚነፍግበት ጊዜ አለ፤ እሱን አጠፋሁት። ሌላኛውን ቀዳዳ ሞከርኩ። ሁሉም ይሠራል። ደግሞ ሄዱ፣ ደግሞ መጡ። በሦስተኛው ዲስኩን ከጥግ እስከ ጥግ አስፈተሽኩት፤ አንድም የታመመ ቦታ የለውም። እግረ መንገዴን ሙሉውን ለመጠባበቂያ እኔ ጋ ገለበጥኩት። ላፕቶፑ ሆዱ ሞልቶ አልቀበልም ስላለ፣ በፍላሽ አድርጌ ሰጠኋቸው። እሱንም ቲቸር አልተቀበሉትም፤ ፍላሹን በግራ እጃቸው ገፋ አድርገው ወደ ዲስኩ ጠቆሙ። ከጠዋት እስከ ማታ ሰው እያጎረሳቸው፣ ሰው እያለበሳቸው የሚውሉ ሰው ናቸው። ያችን ዲስክ ሰክተው የሚፈልጉትን ትምህርት መምረጥ ግን የራሳቸው ሥራ ነው፤ ማንም አይነካባቸውም። ይህን ስሰማ ፍላሹን መልሼ አልጠየቅኩም።

ነገሩ ግን እየባሰ ሄደ። መጀመሪያ አንድ ሙሉ ትምህርት ይጨርስ ነበር፤ ቀጥሎ ግማሽ፤ አሁን ሻይ እስኪበርድ እንኳ አይቆይም አሉኝ። እኔ ጋ ሲመጣ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቢለፈልፍ አይደክመውም። ትዕግሥቴ አለቀ።

«እትዬ፣ እዚህ ይሠራል። ጎባ ወስዳችሁ ምን እንደምታደርጉት እናንተ ታውቃላችሁ።»

«የጎባ ብርድ ነዋ» አሉ፣ ሳይቀየሙ። «የእናንተ ሮቤ ይሻላል።»

«ዲስክን ብርድ አይመታውም።»

«እሱንም አይመታውም ብለውኝ ነበር» አሉና ዘንቢላቸውን አንሥተው ወጡ።

ከዚያ በኋላ አልመጡም፤ ደወሉ። ሰሙነ ሕማማት ገብቶ ነበር። «ልጄ» አሉኝ፣ «ዛሬ ቃሉ አፉ ላይ እንዳለ ድምፁ ሲቋረጥ ቲቸር አለቀሰ።» ሌላ ምንም አላሉም። ሱቄን ዘግቼ የጎባ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ወላሂ፣ መንገዱን ሁሉ የተናደድኩት በራሴ ነው። በሽተኛው ጎባ ተኝቶ ሐኪሙ ሮቤ ይመረምራል፤ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ማለት ይኸው ነው።

ስገባ ቲቸር መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ግራ እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ነ…ጋ» አሉኝ፤ በኦሮምኛው የሰላምታ ግማሹ ነው፣ ለእኔ ግን ሙሉ ነበር። እትዬ ሐመልማል ሻይ ሊያፈሉ ወደ ማድ ቤት ሄዱ። ቲቸር ኬብሉን በግራ እጃቸው አንሥተው፣ ላፕቶፑን በክርናቸው ደገፍ አድርገው ሰኩት። ሁለት ጊዜ ሳቱ። ልረዳቸው እጄ ተነሥቶ ነበር፤ መለስኩት።

ድምፁ ጀመረ። «ውድ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ስለ ባሌ ከፍተኛ ቦታዎች እንማራለን።» ቲቸር ተከተሉ፤ «ው…ድ ተ…ማሪ»። ያንን በክፍል ስንት ዓመት የኮራ ድምፅ፣ ባለቤቱ እንደ ሕፃን ሲድህበት ማየት ይከብዳል። ግን ደግሞ ዓይናቸው በርቷል። ቱሉ ዲምቱ ተራራ ላይ ሲደርሱ አብረው «ቱሉ» አሉ፣ ጥርት አድርገው። ወዲያው ጸጥ አለ። ላፕቶፑ ዲስክ የሚባል ነገር አላየሁም አለ። የቲቸር አፍ እንደተከፈተ ቀረ።

ዲስኩን ፈለግኩ፤ ጠረጴዛው ላይ የለም። ኬብሉን በጣቴ እየዳበስኩ ተከተልኩት። በጠረጴዛው ጠርዝ ወረደና ከሰል ምድጃው አጠገብ ካለች በርጩማ ላይ አንድ ቡናማ የሱፍ ነገር ውስጥ ገባ። የተኛ ሕፃን ይመስል ነበር። አንገት አለው፣ ቁልፍ አለው። ቁልፉን ፈታሁ፤ ሥሩ ሌላ ሹራብ፣ ነጭ። እሱንም ፈታሁ፤ ሥሩ ሌላ። ዲስኩን ስነካው እጄን መለስኩ፤ ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር እንደዚያ አይፈጅም።

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ዲስክ ሲሠራ ይሞቃል፤ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ እንዳይቃጠል ብሎ ሥራ ያቆማል። እኔ ጋ ሲመጣ ደግሞ ራቁቱን ነው። በኋላ ስጠይቃቸው «የአንተ ሱቅ አቧራ ነው ልጄ፣ አዲስ ሹራብ ላቆሽሽ?» አሉኝ። ከሮቤ ድኖ በተመለሰ ቁጥር፣ ጎባ መጥቶ እንዳይታመም አንድ እየደረቡለት ነበር። በእያንዳንዱ ጉብኝት እኔ ኬብልና ቀዳዳ ስቀይር እሳቸው አንድ ሹራብ ይጨምራሉ።

ዲስኩን መስኮቱ ጋ አስቀምጬ አበረድኩት። መልሼ ሰካሁት። ድምፁ ከቱሉ ዲምቱ ቀጠለ፤ ቲቸርም ቀጠሉ፤ ሳነቴን አልፈው ሐረና ጫካ ገቡ። እትዬ ሐመልማል ከማድ ቤት ይህን ሰምተው ትሪውን እንደያዙ በደስታ እየሮጡ መጡ። በሩ ላይ ደርሰው ዲስኩን ራቁቱን ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። ትሪውን አስቀመጡና ሹራቡን አነሡ።

«ልጄ፣ ምነው እንዲህ? ብርድ ይመታዋል እኮ።»

ውሸት አዘጋጅቼ ነበር። «አርጅቷል» ልል፣ አዲስ ዲስክ ገዝቼ ልገለብጥ፣ ነገሩ በዚያው እንዲያልፍ። ግን አዲሱንም ያለብሱታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል።

«እትዬ» አልኳቸው፣ «የሚያጠፋው ብርድ አይደለም፤ ሙቀቱ ነው። ሹራቡ አፍኖት ነው።»

ሹራቡን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ በርጩማዋ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እኔ ነኛ» አሉ። «እኔ ነኝ አፉን የምዘጋው።»

«እትዬ፣ እርስዎ ምን ያውቃሉ…»

«ያን ቀን ሪራ ሲሄድ ጋቢውን ረስቶ ወጣ። ከበር ሆኜ አየሁት። ሊጥ እጄን ይዞት ነበር። ምን ይሆናል ብዬ ተውኩት።» ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት። «ድምፁንስ አላስመታውም ብዬ ነበር። ጀሊል፣ ቃሉን ከአፉ የምነጥቀው እኔ ሆኜ ነው ያለቀሰው?»

ሰው ሲያለቅስ እኔ ጠመንጃ መፍቻ እፈልጋለሁ፤ እንዲህ ነው የተፈጠርኩት። ዲስኩ ስለ ጫካው እየተናገረ ነው፤ ማንም አይሰማውም።

ቲቸር በየነ ከወንበራቸው ጎንበስ አሉ። ግራ እጃቸውን ዘርግተው ቡናማውን ሹራብ ከሚስታቸው እጅ ወሰዱት። ከዚያ በጥርሳቸውና በግራ እጃቸው እየጎተቱ፣ የማይታዘዘውን ቀኝ እጃቸውን አስገቡበት። ልኩ ሆነ። እጁ ከሕመሙ ወዲህ ሁልጊዜ በረዶ ነበር። ጭናቸው ላይ አስቀመጡትና በግራው ደባበሱት።

እትዬ ሐመልማል እያለቀሱ ሳቁ። «ይኼኛው ጣት የለውም እኮ» አሉ። ከፊታቸው ተንበርክከው ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፉላቸው። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቶ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዲስኩ ራቁቱን፣ ከምድጃው ርቆ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። እትዬ ሐመልማል በአጠገቡ ባለፉ ቁጥር ዓይናቸውን እንደሚሰብሩ ሀይሚ ነግራኛለች፤ ግን አልነኩትም። ድምፁ አልተቋረጠም። ቲቸር ከትምህርቱ በኋላ አንዲት ቃል ብቻ ይለማመዳሉ፤ «ሰጥቻለሁ»። አንዳንድ ቀን ትመጣለች፣ አንዳንድ ቀን ትቀራለች። ፋሲካ አለፈ።

ለዳግማይ ትንሣኤ ጠሩኝ። የምሠራው አልነበረኝም፤ በር አጠገብ ተቀመጥኩ። ሽማግሎቹ ከገሰራ መጡ፤ ፊታቸው እንደተቋጠረ ገብተው ቆሙ። ዋናው ኦቦ ባዳሳ ነጭ ጋቢያቸውን አስተካክለው «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ በየነ» አሉ። ቲቸር ራሳቸውን ነቀነቁ። ኦቦ ባዳሳ ቀጠሉ፤ «እንደምታዩን ለሦስተኛ ጊዜ ቆመናል። ልጃችሁን ሀይሚን ለልጃችን ለቶላ ስጡን፤ እናንተም አባት እናት ሁኑት ብለን ነው የመጣነው።»

የጓዳው መጋረጃ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ሴቶቹ ከኋላው ናቸው።

«ሰ…» አሉ ቲቸር። የእኔም ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀሳል። «ሰ…ጥ…» ቆመ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ እንደገና እዚያው ቆመ። ግንባራቸውን አላባቸው። አንዱ ሽማግሌ ወደ በሩ ተመለከተ። ጋሽ ገዛኸኝ ሊናገሩላቸው ከወንበራቸው ተነሡ፤ ቲቸር በግራ እጃቸው አስቀመጧቸው።

ከዚያ አፋቸውን ዘጉ፤ በረጅሙ ተነፈሱ። ፊታቸውን ከሽማግሎቹ ወደ መጋረጃው መለሱ።

«ሐመልማል» አሉ። ሳይቆራረጥ፣ በዚያ በዱሮው ድምፅ። ቀጥለውም «አንቺ… በይ።»

ያንን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር አውቀዋለሁ፤ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ተራራው አለ፣ ወንዙ አለ፣ የዝናቡ መጠን አለ። ሐመልማል የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም። ማንም አላስጠናቸውም። እሳቸውም ከታመሙ ወዲህ የሚስታቸውን ስም ጠርተው አያውቁም፤ ይህን የነገረችኝ ኋላ ሀይሚ ናት።

ለሽማግሌ እናት አትመልስም፤ ወጉ አይደለም። ሽማግሎቹ ተያዩ። እትዬ ሐመልማል መጋረጃውን ገልጠው ወጡ፤ ሽርጥ እንደታጠቁ፣ እጃቸው እንደረጠበ። ኦቦ ባዳሳ አንድ አፍታ አስበው፣ ጋቢያቸውን እንደገና አስተካከሉና ወደ እሳቸው ዞሩ። ጥያቄውን ከመጀመሪያው ጀምረው፣ አንድ ቃል ሳያጎድሉ ለእሳቸው አቀረቡ።

እትዬ ሐመልማል ከባላቸው ወንበር አጠገብ ቆመው ሰሙ። «ሰጥተናል» አሉ።

ኦቦ ባዳሳ «ገለቶማ፣ ተባረኩ» አሉና ሽማግሎቹ ተቀመጡ። ጓዳው በእልልታ ተሞላ። ምርቃቱ ተጀመረ፤ ክርስቲያኑ አሜን፣ እኔ አሚን እንላለን። በዚህ መሃል እትዬ ሐመልማል ወደ ባላቸው ጆሮ ጎንበስ ሲሉ አየሁ። ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁ።

«እስቲ እንደገና ጥራኝ።»

«ሐመልማል።»

«አቤት» አሉ።